መልስ፦ ለሶፍትቦል (ቤዝቦልን ለሚመስለው ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ከባድ ዱላ ይሻላል ወይስ ቀላል?

ወንድምህ ከአሜሪካ ሲመጣ ባለ 30 አውንስ ያምጣልኝ ወይስ ባለ 26 ላልከው፣ እኔ ብሆን ባለ 27 ወይም 28 ነው የማስመጣው። 28 ማለት 800 ግራም ገደማ ነው።

በዝግታ በሚወረወርበት የሶፍትቦል ዓይነት ኳሷ ከፍ ብላ ቀስ እያለች ስለምትወርድ ከባዱን ለማወዛወዝ ጊዜ አለ የሚሉህ አሉ። እውነት ነው፣ ፍጥነቱ እኩል ከሆነ ከባዱ ኳሷን ያርቃል። ግን እኩል አይሆንም! በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ የጣና ዳር ሙቀት ክንድህን ሲያዝለው፣ ዱላው ይዘገይና ኳሷ ካሰብክበት ወደ ሌላ ትሄዳለች።

ደግሞ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳሷ ራቅ ትላለች። ለርቀት ብለህ ክብደት አትጨምር።

ወንድምህ ሲገዛ ክብደቱ ጫፉ ላይ ያልተከማቸውን ይምረጥልህ፤ ጫፉ የከበደ ዱላ በሚዛን እኩል ቢሆንም እጅ ላይ ይከብዳል።