መነጽሩን ትተው የፕሮጀክተሩን ሜኑ ይክፈቱ

ጥያቄ፦ ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ትንሽ ቪዲዮ ቤት አለኝ። 3ዲ የሚያሳይ ዲኤልፒ ፕሮጀክተርና ሻተር መነጽሮች ገዝቼ ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ አሳያለሁ። አንዱ ፊልም ጥሩ ይታያል፤ ሌላው ላይና ታች ሁለት ሆኖ ይደራረባል፤ ሦስተኛው ቀይና ሰማያዊ ጥላ አለው። የአማርኛው ሰብታይትልም አይነበብም። ለሁሉም የሚሆን መነጽር የትኛው ነው?

መልስ፦ ሌላ መነጽር አይግዙ። ሻተር መነጽር የፊልሙን ፎርማት አያውቅም፤ ሥራው የግራና የቀኝ ሌንሱን በየተራ ማጨለም ብቻ ነው። ሥዕሉን ለየዓይኑ ከፍሎ የሚያወጣው ፕሮጀክተሩ ነው። መነጽሩ መግባባት ያለበት ከፕሮጀክተሩ ምልክት ጋር ነው። በዲኤልፒ ሊንክ (ፕሮጀክተሩ በራሱ ብርሃን ለመነጽሩ ምልክት በሚሰጥበት ዘዴ) የሚሠራ ከሆነ በፍሬሞች መካከል ከስክሪኑ የሚመለሰውን ብልጭታ ያነባል። ለዚህም ነው የቴሌቪዥን ኢንፍራሬድ ወይም ብሉቱዝ መነጽር እዚህ የማይሠራው። አንዱ ፊልም በደንብ ከታየ ግን መነጽርዎ ተስማምቷል ማለት ነው።

ችግሩ ያለው ሜኑው ላይ ነው። ፕሮጀክተሩ በ«ሳይድ ባይ ሳይድ» (ጎን ለጎን) ተቀምጧል፤ ሁለተኛው ፊልም ደግሞ «ቶፕ ኤንድ ቦተም» (ላይና ታች) ነው። 3ዲ ፎርማት የሚለው ውስጥ ገብተው ይቀይሩት። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፊልሙን መጀመሪያ በላፕቶፑ ስክሪን ይክፈቱ፦ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ናቸው ወይስ አንዱ ከሌላው በላይ? ፋይሉ 3840 በ1080 ፒክሰል ከሆነ ሙሉ ሳይድ ባይ ሳይድ ነው፤ እንዳለ ቢያጫውቱት ሰዎቹ ድፍጥጥ ብለው ከላይና ከታች ጥቁር ይሆናል። በቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) አስፔክት ሬሾውን፣ ማለትም የወርዱንና የቁመቱን ምጥጥን፣ 16፡9 ሲያደርጉት ይስተካከላል።

ቀይና ሰማያዊው አናግሊፍ ነው። ሁለቱ ሥዕሎች በቀለም ተቀላቅለዋል፣ ስለዚህ ሻተር መነጽር ሊለያቸው አይችልም። 3ዲውን አጥፍተው በቀይና ሰማያዊ ሌንስ መነጽር ያሳዩት። ከተገኘ የዚያኑ ፊልም ሳይድ ባይ ሳይድ ቅጂ መፈለጉ ይሻላል፤ አናግሊፍ ቀለሙን ያበላሻል።

ሰብታይትሉን በተመለከተ፣ ተራ የኤስአርቲ ሰብታይትል ፋይል ጽሑፉን በሙሉው ፍሬም መሀል ያስቀምጠዋል። ፕሮጀክተሩ ፍሬሙን ለሁለት ሲከፍለው የመስመሩ ግማሽ ለግራ ዓይን፣ ግማሹ ለቀኝ ይደርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ሁለት ጊዜ፣ በየግማሹ መሀል መጻፍ አለበት። ይህን የሚቀበለው የጽሑፉን ቦታ መወሰን የሚያስችለው የኤኤስኤስ ሰብታይትል ፋይል ነው፤ አማርኛ ለሚያነብ ተመልካች ድካሙ ያዋጣል።

ቅርብ ያለው ነገር ወደ ኋላ የገባ ከመሰለ ወይም ተመልካቹን ራስ ካመመው «3ዲ ሲንክ ኢንቨርት»ን ይቀይሩ፤ ግራና ቀኙ ተገላብጠዋል። አዳራሹ ውስጥ የሚበራ ፍሎረሰንትም ያጥፉ፦ በእኛ 50 ኸርዝ መብራት ቱቦው በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ የየዓይኑ ሌንስ ደግሞ 60 ጊዜ ይከፈታል፤ ሁለቱ ስለማይገጥሙ ግድግዳው ሁሉ ብልጭ ድርግም የሚል ይመስላል። እያንዳንዱ ዓይን የሚደርሰው ብርሃንም ከግማሽ በታች ስለሆነ የመስኮቱን መጋረጃ ወፈር ያድርጉት።