«ያ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ምንድነው?» እና ሌሎች የሴንት አይቭስ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ሴንት አይቭስ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ እንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ኮርንዎል ውስጥ ያለች የአሳ አጥማጆችና የሰዓሊዎች ከተማ ናት ብዬ፣ ከዛ በኋላ ኢንቦክሴ ሞላ። ሁሉንም መመለስ አልችልም፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጨመቅ አድርጌ ልሞክር። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

«ከለንደን ጠዋት ወጥቼ ማታ መመለስ እችላለሁ? ኦፍ ያለኝ ቅዳሜ ብቻ ነው።»

መቻሉስ ትችያለሽ እህቴ፣ ግን ለምን ራስሽን ትቀጫለሽ? ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ ሴንት ኧርዝ እስከሚባለው ጣቢያ ብቻ አምስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፣ ከዛ ወርደሽ ትንሿን ባቡር ትይዣለሽ፣ እሷ ሩብ ሰዓት ብትፈጅ ነው። ደርሶ መልሱን ስትደምሪው ቀኑን ሙሉ ባቡር ላይ ዋልሽ ማለት ነው፣ ባህሩን አይተሽ ፎቶ ተነስተሽ ሮጥ። እኔ ብሆን እሁድን ከሆነ ሰው ጋር ሺፍት እቀያየርና አርብ ማታ የሌሊቱን ባለ አልጋ ባቡር እይዛለሁ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ከፓዲንግተን ይነሳል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሴንት ኧርዝ ያወርድሻል፣ እሁድ ማታ በሱው ተመልሰሽ ሰኞ ጠዋት ስራ። ቅዳሜ ሌሊት ግን አይሰራም፣ እሱን እንዳትረሺ።

በቀን ከሄድሽ ደግሞ ከለንደን ስትወጪ በግራ በኩል ተቀመጪ። ዶሊሽ የሚባል ቦታ ላይ ሀዲዱ ከባህሩ ጋር ተጣብቆ ነው የሚሄደው፣ በ2014 ማዕበል መጥቶ ግድግዳውን ሲያፈርሰው ሀዲዱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው እዛ ጋ ነው። ትንሿ ባቡር ላይ ደግሞ በተቃራኒው ቀኝ ቀኙን ያዢ።

«በመኪና ብንሄድስ? አምስት ነን።»

በነሐሴ ከሆነ በፍፁም። መንገዶቹ ለአህያ የተሰሩ ናቸው፣ ፓርኪንግ ስትፈልጉ ቀኑ ያልቃል። መኪናችሁን ሴንት ኧርዝ ጣቢያ አቁማችሁ በባቡር ግቡ። ገና ከለንደን በባቡር ከሆነ ደግሞ ለቤተሰብ የሚሸጠውን የቅናሽ ካርድ አውጡ፣ የአዋቂውን ሲሶ የልጆቹን 60 በመቶ ይቀንሳል።

«ባለቤቴ ጎትታ ልትወስደኝ ነው። እውነቱን ንገረኝ፣ ያ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ምንድነው? አርት ነው ወይስ እየቀለዱብን ነው?»

ወንድሜ ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት፣ ምክንያቱም እኔም መጀመሪያ የገባሁ ቀን በሆዴ ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ አፍ አውጥቼ ለመናገር አፈርኩ እንጂ።

የምትላቸው የቀራፂዋ የባርባራ ሄፕዎርዝ ስራዎች ናቸው። ሴትዮዋ ተወላጅ አይደለችም፣ የሰሜን እንግሊዝ ልጅ ናት፣ በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲል ከባሏ ከሰዓሊው ቤን ኒኮልሰንና ከልጆቿ ጋር ሸሽታ ነው ሴንት አይቭስ የገባችው። ልጆቿ ደግሞ መንታ እንኳን ቢሆኑ ጥሩ፣ ሶስት ባንድ ላይ የተወለዱ፣ ያኔ አምስት ዓመት የሚሆናቸው! ቀን ቀን ልጅ ስትይዝ ምግብ ስትል ትውልና ማታ ማታ ትስላለች፣ ድንጋይ የመጥረብ ጊዜም ቦታም አልነበራትም። በኋላ በ1949 ትሬዊን የሚባለውን ስቱዲዮ ገዛች፣ ግቢ ያለው፣ ደጅ ላይ መዶሻና መሮ ይዛ የምትውልበት።

ቀዳዳውን እንግዲህ እንዲህ አድርገህ እየው። እሷ ድንጋዩን ብቻ አይደለም የምትቀርፀው፣ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ጭምር ነው። አንዳንዶቹ ላይ ክር ወጥራበታለች፣ እሱም በሷ አባባል ባህሩ፣ ነፋሱና ኮረብታው ፊት ስትቆም ውስጧ የሚሰማት ውጥረት ነው። እኔ ይሄን ሰምቼም ብዙ አልገባኝም ነበር፣ የገባኝ ግቢው ውስጥ አንዱ ትልቅ ነሐስ ጋ ቆሜ በቀዳዳው አጮልቄ ሳይ ነው፣ ዛፉ፣ ሰማዩ፣ ከወዲያ ማዶ የቆመች አሮጊት፣ ሁሉም ፍሬም ውስጥ ገባ፣ አንድ እርምጃ ስትንቀሳቀስ ደግሞ ሌላ ስዕል ይሆናል። በቃ ዙረው፣ ቆመህ አትየው።

በ1975 እዛው ስቱዲዮዋ ውስጥ እሳት ተነስቶ ሞተች። በኑዛዜዋ መሰረት ቤቱ በዓመቱ ሙዚየም ሆነ፣ መሮዎቹ፣ የስራ ልብሷ፣ ጀምራ የተወችው ድንጋይ ሁሉ እንዳለ ነው፣ ለቡና ወጣ ያለች ነው የሚመስለው። ኒውዮርክ ሄደህ የምታውቅ ከሆነ ደግሞ ተመድ ህንፃ ፊት ለፊት የቆመው ከስድስት ሜትር በላይ የሆነ ነሐስ የሷ ነው፣ በ1961 በአውሮፕላን አደጋ ለሞተው ለተመድ ዋና ፀሐፊ ለዳግ ሐማርሾልድ መታሰቢያ። በ1958 አዲስ አበባ ላይ ኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ሲቋቋም የተመድ ዋና ፀሐፊ እሱ ነበር። እና ሚስትህን አመስግናት።

«አክስቴ ሸክላ ሰሪ ነበረች። እዛ ታዋቂ የሸክላ ቤት አለ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?»

እውነት ነው፣ ሊች ፖተሪ ይባላል፣ ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱን ስትወጪ ታገኚዋለሽ። በርናርድ ሊች ሆንግ ኮንግ የተወለደ እንግሊዛዊ ነው፣ ጃፓን ሄዶ ሸክላ ተምሮ በ1920 ጃፓናዊ ጓደኛውን ሾጂ ሐማዳን ይዞ መጥቶ ነው የከፈተው። ዳገት ላይ ክፍል በክፍል እየተደራረበ የሚወጣ በእንጨት የሚነድ ትልቅ ምድጃ ሰሩ፣ እንዲህ አይነቱ ምድጃ ምዕራቡ ዓለም ውስጥ የመጀመሪያው ነው፣ አሁንም ገብተሽ ታይዋለሽ።

እኔ እዛ ቆሜ ትዝ ያለኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ የቀጨኔ እናቶች። ያለ ሽክርክሪት በእጃቸው ጀበናና ምጣድ የሚያወጡት፣ ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት የሚያቃጥሉት። እዚህ ሰውየውን «መምህር» ብለው ከዓለም ዙሪያ ተማሪ ጎረፈለት፣ እኛ ጋ ደግሞ ያንኑ ጭቃ የያዘችውን ሴት ቡዳ ብለን ልጇን አላጋባም አልን። ይሄን ስፅፍ እንኳን ያናድደኛል። አክስትሽ የሰራችው ጀበና ቤትሽ ካለ ሳሎን መደርደሪያ ላይ አውጪው።

«ልጆች አሉኝ፣ ደግሞ ፆም ላይ ነን። ምን ይበላል?»

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ እዛ ሰፈር ፓስቲ ሲሏችሁ የኛን የማለዳ ፓስቲ እንዳታስቡ! የነሱ ፓስቲ የጨረቃ ቅርፅ ያለው የተጋገረ ነገር ነው፣ ትልቅ ሳምቡሳ በሉት፣ ውስጡ የበሬ ስጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ስዊድ የሚሉት ስራስር። ከ2011 ጀምሮ ስሙ በህግ የተጠበቀ ነው፣ ኮርንዎል ውስጥ ካልተሰራ ኮርኒሽ ፓስቲ ብሎ መሸጥ አይቻልም። ለፆም የአትክልት አለ፣ ግን «ቬጀቴሪያን» ሲሉ ሊጡ ውስጥ ቅቤ አይብ ሊኖር ይችላልና «ቪጋን» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ሲጋሎቹን ጠብቁ። የባህር ወፍ ምናምን ብላችሁ አትናቁ፣ ጆፌ አሞራ ናቸው፣ ከኋላ መጥተው ከእጅ ይነጥቃሉ፣ የኔን ግማሽ ፓስቲ ወደብ ዳር ላይ አንዱ ወሰደብኝና ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ብሉ። ለልጆቹ ቴት የሚባለው የስዕል ሙዚየም ከ18 ዓመት በታች በነፃ ነው፣ ፊት ለፊቱ ፖርትሚር የሚባለው ቢች አለ፣ ስዕሉ ሲሰለቻቸው አሸዋ ላይ ልቀቋቸው።

«ይዋኛል?»

ውሃው በበጋቸው ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ፖርትሚር ማዕበል አለው፣ ለሰርፍ ነው፣ የነፍስ አድን ጠባቂዎቹ ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መሀል ብቻ ግቡ። ረጋ ያለ ከፈለጋችሁ ከጣቢያው ስር ፖርትሚንስተር።

«አዲስ አበባ አርት ስኩል ጨርሼ ነው የመጣሁት፣ አሁን ኬር ሆም ነው የምሰራው፣ ብሩሽ ከያዝኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እዛ ብሄድ የሚጠቅመኝ ነገር አለ?»

አንተን ነው ከሁሉም በላይ መመለስ የፈለኩት።

ይቺ ከተማ የሰዓሊ የሆነችው አንድ ሰው አቅዶ አይደለም። ሰርዲን አጥማጅ ነበሩ፣ አሳው እየቀነሰ ሄደ፣ በ1877 ባቡር ገባ፣ ለመረብና ለሸራ የተሰሩት ሰፋፊ ሰገነቶች ባዶ ሲቀሩ ሰዓሊዎች በርካሽ ተከራዩዋቸው። ብርሃኑም አለ፣ በሶስት ጎን ባህር ስለሆነ ከታችም ከላይም ነው የሚያበራው። ፖርትሚር ስቱዲዮስ የሚባለው ህንፃ ላይ አሁንም ታች አጥማጆች መረባቸውን ያዘጋጃሉ፣ ላይ ሰዓሊዎች ይሰራሉ። እዛው ህንፃ ውስጥ ከ1938 ጀምሮ ያለ የስዕል ትምህርት ቤት አለ፣ አጫጭር ኮርሶች ይሰጣል፣ እረፍት ባለህ ቀን ሄደህ እጅህን ማፍታታት ትችላለህ።

አልፍሬድ ዋሊስን ደግሞ ፈልገህ እየው። መርከበኛና አሳ አጥማጅ ነበር፣ ሚስቱ ስትሞትበት ብቸኝነቱ ከብዶት ወደ 70 ዓመቱ ላይ መሳል ጀመረ፣ ሸራ የለ ምን የለ፣ ሱቅ የጣለውን ካርቶን ላይ በጀልባ ቀለም። በ1928 ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ውድ በበሩ ሲያልፉ ግድግዳው ላይ የተቸነከሩትን አይተው ደነገጡ፣ የነሱም አሳሳል ከዛ ቀን በኋላ ተለወጠ። ሰውየው ግን በ1942 የድሆች መጠለያ ውስጥ ነው የሞተው። መቃብሩ ከቴት በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው፣ ባህሩን እያየ፣ ሊች በሰራው ሸክላ ተሸፍኖ፣ ሸክላው ላይ አንድ ትንሽ ሰው ትልቅ የመብራት ቤት በር ላይ ቆሞ ይታያል። ሁለት ዓመት ምንም ማለት አይደለም ወንድሜ፣ ኬር ሆሙ ውስጥ የሚጣል ካርቶን መቼም አይጠፋም።

«እዛ ሄዶ መኖርስ? የሆቴል ስራ አለ አሉ።»

ስራው በበጋቸው አለ፣ ቤቱ ነው የሌለው። ግማሹ መስኮት በክረምታቸው ጨለማ ነው፣ ባለቤቶቹ ሌላ ከተማ የሚኖሩ ሀብታሞች ናቸው። ነዋሪው በ2016 ሪፈረንደም አድርጎ ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ አዲስ የሚሰራ ቤት ቋሚ ነዋሪ ብቻ ይግባበት አለ፣ የቆዩት ቤቶች ላይ ግን ህጉ አይሰራም፣ ገንዘቡም ወደነሱ ዞረ። ስለዚህ ቀጣሪው መኝታ የሚሰጥ ካልሆነ ሻንጣ አታንሱ።

«ጉልበቴን ያመኛል ልጄ፣ ዳገት ነው የሚሉት እውነት ነው?»

እውነት ነው አባቴ፣ ድንጋይ ንጣፍና ደረጃ ይበዛዋል። ግን የወደቡ ዳር ሜዳ ነው፣ አግዳሚ ወንበርም አለ፣ ውሃው ሸሽቶ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ በጎናቸው ሲተኙ እያዩ ሻይ ቢጠጡ ይበቃዎታል። ቅድስት ኢያ የምትባለዋ የከተማዋ ጠባቂ መርከብ አምልጧት ከአየርላንድ በቅጠል ተሳፍራ ነው የመጣችው ይላሉ፣ አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ደብረ ዳሞ ሲወጡ ላደግን ሰዎች ብዙም አይገርምም፣ በስሟ የተሰራው ቤተክርስቲያንም እዛው ወደቡ አጠገብ ነው፣ ደረጃ ሳይወጡ ይሳለሙታል።