ጥቁሯ የእሳት እራት ለምን ትጠፋለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ተፈጥሯዊ ምርጫ እንዴት እንደሚሠራ በዓይናቸው እንዲያዩ ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አነስተኛ ፕሮግራም ጻፍኩ። በፕሮግራሙ ውስጥ 100 የእሳት እራቶች አሉ፤ 99ኙ ነጣ ያሉ ሲሆኑ አንዷ ጥቁር ናት። የዛፉ ግንድ በጥቀርሻ የጠቆረ በመሆኑ ወፎቹ ነጣ ያሉትን አብዝተው ይለቅማሉ፤ በዚህም ምክንያት ጥቁሯ የምትተካቸው ልጆች በአማካይ የሌሎቹ አንድ ተኩል እጥፍ ናቸው። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙን 20 ጊዜ ሳስነሳው በ8ቱ የጥቁሯ ዘር ጠፋ። በ12ቱ ደግሞ ሁሉም ጠቆሩ፤ ከዚያ በኋላ ግንዱን መልሼ ባነጣውም አንዲት ነጣ ያለች እራት አልተመለሰችም። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?

መልስ፦ መምህር፣ በመጀመሪያው ጉዳይ አልተሳሳቱም፤ በሁለተኛው ግን ፕሮግራምዎ አንድ ነገር ጎድሎታል።

አማካዩ 1.5 ነው ማለት እያንዳንዷ ጥቁር እራት አንድ ተኩል ልጅ ታገኛለች ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዷ ዕጣ ያወጣል፤ ከ100 ዕጣ 22 ያህሉም ባዶ ይወጣል። በመጀመሪያው ትውልድ የተረፈው ዘር በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሊቀጭ ይችላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲሰላ የአንዲት ጥቁር እራት ዘር የመጥፋት ዕድል 42 በመቶ ገደማ ስለሚሆን፣ የእርስዎ 8 ከ20 ከሚጠበቀው አልራቀም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የእራቶቹን ጠቅላላ ቁጥር ወደ 10,000 ያሳድጋል፤ አንዲቷን ጥቁር ግን ይህ አያድናትም። የሚያድናት በአንድ ፈንታ በ10 ጥቁሮች መጀመር ነው፤ የአሥሩም ዘር አንድ ላይ የሚጠፋው ከብዙ ሺህ ጊዜ አንዴ ብቻ ነውና። እኔ ብሆን ግን የጠፋችባቸውን 8 ጊዜያት ከተማሪዎቹ አልደብቅም ነበር፤ ጠቃሚ ባሕርይ ይዞ መወለድ ብቻውን ለመትረፍ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለምና።

ሁለተኛውን ጉዳይ ለመረዳት የእውነተኞቹን እራቶች ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር አካባቢ ጥቁሯ እራት የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1848 ነው። የፋብሪካው ጢስ በግንዶች ላይ የሚያድገውን ነጣ ያለ የዛፍ ሽበት (ላይከን) አጥፍቶ ቅርፊቱን በጥቀርሻ ስለለበጠው፣ በ1895 በዚያው አካባቢ ከ100 እራቶች 98ቱ ያህል ጥቁር ሆነው ነበር። የንጹሕ አየር ሕግ በ1956 ከወጣና ጢሱ እየቀነሰ ከሄደ በኋላ ደግሞ ነጣ ያሉት ተመልሰው በዙ። ታዲያ በእንግሊዝ የተመለሱት በእርስዎ ኮምፒውተር ውስጥ ለምን አልተመለሱም?

እንደምገምተው ለእያንዳንዷ እራት አንድ የቀለም ፊደል፣ ማለትም ቀለሟን የሚወስን አንድ ዘረመል ብቻ ሰጥተዋታል፤ “ጥ” ወይም “ነ”። እውነተኛዋ እራት ግን ሁለት ፊደል አላት፤ አንዱን ከእናቷ፣ ሌላውን ከአባቷ። “ጥ” “ነ”ን ስለሚጋርድ “ጥነ” የያዘችው እራት ለወፉ እንደ “ጥጥ” ጥቁር ሆና ትታያለች፤ የነጣውን ፊደል ግን በሆዷ ይዛው ትኖራለች። ከ100 እራቶች 98ቱ ጥቁር በሆኑበት ጊዜ እንኳ፣ ሂሳቡ ሲሠራ፣ ከ100 ፊደላት 14ቱ ገና “ነ” ናቸው። ወፍ የማያየውን ሊለቅም አይችልም። ግንዱ ሲነጣ ሁለት “ጥነ” ተገናኝተው ከአራት ልጆቻቸው አንዱን ያህል “ነነ” ይወልዳሉ፤ ነጣ ያለችውም እራት በዚህ መንገድ ትመለሳለች። በአንድ ፊደል ፕሮግራም ግን የመጨረሻዋ “ነ” ከተበላች መመለሻ የለም።

ስለዚህ በመራቢያው መስመር ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ ከአባቱ ሁለት ፊደላት አንዱን፣ ከእናቱም ሁለት ፊደላት አንዱን በዕጣ ያውጡ፤ የወፉ መስመር ደግሞ ፊደሉን ሳይሆን ቀለሙን ብቻ ይይ። እነዚህ እራቶች በዓመት አንድ ትውልድ ስለሆኑ አንዱ ዙር አንድ ዓመት ነው፤ የፕሮግራሙን ውጤት ከዘመን አቆጣጠር ጋር ለማስተያየት ይህ ትልቅ ምቾት ነው።

የመረጡት አንድ ተኩል እጥፍ ጥሩ ቁጥር ነው። እንግሊዛዊው የዘረመል ሊቅ ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን በ1924 ከማንቸስተሩ ለውጥ ፍጥነት ተነሥቶ በወረቀትና በእርሳስ የደረሰበትም ይህንኑ የሚያህል ነበር። ከ100 እራቶች በአንድ ጥቁር ቢጀመርና ዕጣው ለጊዜው ቢተው፣ በ12ኛው ትውልድ ግማሽ ያህሉ ይጠቁራሉ፤ በ47ኛው፣ ማለትም በ1895፣ ከ98 በመቶ ያልፋሉ። አዲሱ ፕሮግራምዎ ከዚህ እጅግ ከራቀ መስመሮቹን ደግመው ይመርምሩ።

አንዳንድ መምህራን በዚህ ቁጥር ፈንታ እንግሊዛዊው የእራት ተመራማሪ በርናርድ ኬትልዌል በ1953 በበርሚንግሃም አቅራቢያ ያገኘውን ያስገባሉ። እርሱ ምልክት አድርጎ ከለቀቃቸው 447 ጥቁሮች 123ቱን፣ ከ137 ነጣ ያሉ ደግሞ 18ቱን ብቻ መልሶ ይዟል፤ ይህም 27.5 በመቶ ከ13.1 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ነው። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ቢሆንም በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሰው የተያዙትን እንጂ እራቷ በዕድሜዋ ሙሉ የምትተካቸውን ልጆች አይለካም። በየትውልዱ ስሌት ውስጥ እንዳለ ቢያስገቡት እራቶችዎ ከማንቸስተሮቹ ፈጥነው ይጠቁሩብዎታል።