ገና ሥራ እንደጀመራችሁ ፈቃድ መጠየቅ ለምትፈሩ

ሰሞኑን አንዲት ልጅ አማከረችኝ። ባንክ ከተቀጠረች ገና ወሯ ነው። ታላቅ እህቷ በግንቦት መጨረሻ ደሴ ላይ ልታገባ ነው። «ጋሼ፣ የሙከራ ጊዜዬን ሳልጨርስ ፈቃድ ብጠይቅ ያባርሩኛል? ወይስ ዝም ብዬ ልቅር?» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ባንክ ቤት ስለሠራሁ መልሱ አልከበደኝም። «ዝም ብዬ ልቅር» ያለችው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ መርካቶ ውስጥ ባለ አንድ ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። ሂሳብ የሚሠራው በእጅ፣ በትልልቅ መዝገብ ነበር። ነጋዴው ብሩን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ይመጣል። ከበርበሬ ተራ የመጣ ብር ስትቆጥሩ ያስነጥሳችኋል፣ ዓይናችሁ ያነባል። ማታ ሂሳቡ ካልገጠመ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የጎደለውን የሚከፍለው ደግሞ ገንዘብ ከፋዩ ነው።

አንድ የደብረ ማርቆስ ልጅ አጠገቤ ባለው መስኮት ተመደበ። ጭምት ነው፣ እጁ ግን ፈጣን። የገባው በክፉ ወቅት ነበር። የባንክ ሂሳብ የሚዘጋው ሰኔ 23 ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ቀና ብሎ የሚያይ ሠራተኛ አታገኙም። በዚያው ሰሞን አንድ የአውቶቡስ ረዳት ከአገር ቤት ደብዳቤ አመጣለት። ምሳ ሰዓት ላይ አሳየኝ። «አባትህ ትንሽ ደክሟል። ሲመችህ ብቅ ብትል ደስ ይለዋል» ይላል።

የእኛ ሰው «ትንሽ ደክሟል» ብሎ ከጻፈ ነገሩ ከባድ ነው። ልጁም ይህን አላጣውም። «አሁኑኑ ግባና ለሥራ አስኪያጁ ንገራቸው» አልኩት። «ገና ከመግባቴ፣ ያውም በሂሳብ መዝጊያ? ምን ዓይነት ሰው ነው ይሉኛል። ይዘጋና እሄዳለሁ» አለኝ። ደብዳቤውን አጥፎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ብር ይቆጥራል፣ ያስራል፣ ኪሱን ዳበስ ያደርጋል። ደግሞ ይቆጥራል።

ሂሳቡ ሳይዘጋ አባትየው አረፉ። ዘመዶቹ እንደ ወጉ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ነገሩ። በማግስቱ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ አስኪያጁ፣ ዘመዶቹና ጥቂት ባልደረቦች ሆነን መርዶ ልንነግረው ኮልፌ ወደተከራያት ክፍል ሄድን። ቀድመው ያንኳኩት ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ልጁ ለሥራ ለባብሶ፣ ክራቫቱን ሳይቀር አስሮ ከፈተ። ዘመዶቹ ከኋላ ስለነበሩ አላያቸውም። ያየው አለቃውን ብቻ ነው። ደንግጦ፣ «ጌታዬ፣ ሂሳብ ጎደለብኝ እንዴ?» አላቸው።

ሥራ አስኪያጁ ኮስታራ ሰው ነበሩ። ራሳቸው ከገንዘብ ከፋይነት ተነስተው ነው ያን ወንበር የያዙት። ሰው ሲጎድል ኮታቸውን አውልቀው መስኮት ላይ ይቀመጡና ከሁላችንም ቀድመው ይጨርሱ ነበር። አሮጌ ብር በጣት እንዴት እንደሚለይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ምነው ልጄ፣ ብትነግረኝ በዚያው ቀን አልሸኝህም ነበር? መስኮቱን እኔ እይዝልህ ነበር» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ያደርጉት ነበር።

ልጁ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ሲደርስ አባቱ ተቀብረዋል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብዳቤው በደረሰው ማግስት ማለዳ ተሳፍሮ ቢሆን ያንኑ ቀን አባቱን ያገኛቸው ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። የከለከለው ሰው አልነበረም። የአለቃውን መልስ ራሱ መለሰውና ተቀመጠ።

ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለህም የተባለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። የዓመት ፈቃዱም ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ሆኖ መጀመሪያ የሚሰጠው አንድ ዓመት ሲሞላ ነው። ይሁን እንጂ ያው አዋጅ ወላጅ፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም የቅርብ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ሠራተኛው ራሱ ሲያገባም እንዲሁ። ልዩና ከባድ ነገር ሲገጥም ደግሞ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን አለ፤ በበጀት ዓመት ሁለቴ ብቻ። የእህት ሠርግ እዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ የልጅቷ ጉዳይ የሚያልቀው ከአለቃዋ ጋር በመነጋገር ነው።

ብትሄድ እላለሁ። አንድ ዓርብና አንድ ሰኞ ይበቃታል። ዛሬውኑ ትንገራቸው፤ ሳምንት ሲቀረው አይደለም። ፊት ለፊት ገብታ ቀኑን ቆርጣ ትናገር፣ መስኮቷን ማን እንደሚይዝላት ቀድማ ጓደኛ ታነጋግር። እንዲያውም ቀኑን ቀድማ ታውቀው ከነበረ ቅጥሩን ስትፈርም ብትናገር ይሻል ነበር። ያን ጊዜ ማንም አይከፋውም።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገራችሁ አይመቸኝም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ዛሬ አልገባም» ብላችሁ ስልካችሁን ታጠፋላችሁ። ያ ፈቃድ መጠየቅ አይደለም። መስኮቱ ጋ የተሰለፈው ደንበኛ ምን ይሁን? ከጎናችሁ ያለው ልጅስ የሁለት ሰው ሥራ ለምን ይሥራ? የሌለ ሕመም አውርታችሁ የሐኪም ወረቀት የምታመጡ ደግሞ በጣም ታሳዝኑኛላችሁ። አንዴ ከተነቃባችሁ የእውነት ስትታመሙም የሚያምናችሁ አታገኙም።

አለቃ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ አዲስ ልጅ በሁለተኛ ሳምንቱ ለጓደኛው መልስ ፈቃድ ጠይቆኝ ነበር። ጠይቁ እያልኩ ይህን ማለቴ ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል፤ ያን ቀን ግን አልወደድኩለትም። ለጓደኛ መልስ ከማታ ይደረሳል ብዬ ከለከልኩት። ልጁ ግን አላኮረፈም፣ እኔም አልያዝኩበትም። ብዙም ሳይቆይ እናቱ ሲታመሙ ደጄን ለማንኳኳት አላመነታም። በዚያው ቀን ሸኘሁት።

ኃላፊ ለሆናችሁም አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ሠራተኛ ስትቀበሉ የመታወቂያና የፊርማ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ቤተሰቡ የት እንዳለ ጠይቁት። ችግር ቢገጥመው ማንን፣ በየትኛው ስልክ ማነጋገር እንዳለበት በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። በሂሳብ መዝጊያ ሰሞንም ቢሆን ሊጠይቅ እንደሚችል ከእናንተው አፍ ይስማው።