የቤት አልጋ፣ የውጭ ቀጋ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንድ የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ እናቱን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። በአንድ እጁ የምርመራ ወረቀት፣ በሌላው ሁለት ዓይነት መድኃኒት ያለበት ፌስታል ይዟል። «እትዬ፣ ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ ተባልኩ» አለኝ። ግንባሩን ዳሰስኩት፤ ከእኔ እጅ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ከሰኞ ገበያ ተነስቶ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ነው የመጣው። ሦስት ቀን ራሱን አሞት፣ ምግብ አስጠልቶት ነበር። የፈተና ሰሞን ስለሆነ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየም።

ሠላሳ አራት ዓመት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በላቦራቶሪ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይ ደሜ ይፈላል። ያ የታይፎይድ ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ የነበረ ነው። ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ ከሠራው ፀረ እንግዳ አካል ደም ውስጥ የቀረውን ነው። ደጃፋችሁ ላይ የጅብ ዱካ ብታገኙ ጅቡ ትናንት ማታ ይለፍ አምና ይለፍ ከዱካው ብቻ አታውቁም፤ አንዳንዴም ዱካው የጎረቤት ውሻ ሆኖ ይገኛል። የታይፈሱ ምርመራ ከዚህም ይብሳል። የሚሠራው ከታይፈስ ጋር ዝምድና በሌለው ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ የሁለቱ ገላ በአጋጣሚ ስለሚመሳሰል ብቻ። እንግዲህ በየክሊኒኩ «ሁለቱም አለብህ» የሚባለው ሰው ብዛት አይግረማችሁ።

ለልጁ ቡና እያፈላሁ ብዙ ነገር አጫወትኩት። ከዚያ ውስጥ ለእናንተም ይበጃል ያልኩትን ልጻፈው።

ሰዎች ስለ ባክቴሪያ ሲጠይቁኝ «በምን ይሞታል?» ይላሉ። «የት ነበር የሚኖረው?» ያለኝ ሰው ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ ትዝ አይለኝም። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይኸኛው ነው።

አንዲት ሴት ሽንቷ እያቃጠላት ትመጣለች እንበል። ከሽንቱ ጠብታ ወስጄ መስታወቱ ላይ እቀባለሁ፤ ሲደርቅ በእሳቱ ላይ ሦስቴ አሳልፈዋለሁ። ሐምራዊ ቀለም አንድ ደቂቃ፣ አዮዲን አንድ ደቂቃ፣ አልኮል ለጥቂት ሴኮንድ፣ ውሃ፣ በመጨረሻ ቀይ ቀለም። ግራም የሚባል የዴንማርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1884 ያወጣው ዘዴ ነው፤ ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። አንድ ጠብታ ዘይት አድርጌ ሌንሱን አወርዳለሁ። ዓይኔ ሥር ሐምራዊ ሆነው እንደ ወይን ዘለላ የተከማቹ ሊኖሩ ይችላሉ፤ እንደ መቁጠሪያ ወይም እንደ ተስቢህ ተሰክተው የሚታዩም አሉ። የዚህች ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሮዝ መልክ ያላቸው አጫጭር ዘንጎች ናቸው፤ ኢ. ኮላይ ይባላሉ።

ኢ. ኮላይ ማነው? ሁላችንም አንጀት ውስጥ የሚኖር ጎረቤት ነው። እዚያ እያለ አብዛኛው ዝርያው ማንንም አይነካም፤ ቫይታሚን ኬ እስከ መሥራት ይደርሳል። የሴት ልጅ የሽንት ቧንቧ አጭር ነውና ከዚያው ከጎረቤት ተነስቶ ወደ ፊኛ ሲሻገር ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ከፊኛ ወደ ኩላሊት፣ ከኩላሊት ወደ ደም ከሄደ ሰው ይገድላል። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚለው ተረታችን እዚህ ይገለበጣል፤ ይህ የቤት አልጋ፣ የውጭ ቀጋ ነው። ሲመቸው በየ20 ደቂቃው አንዱ ሁለት ይሆናል። ማታ በአራት ሰዓት አንድ የነበረ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል፤ እስክሪብቶ ይዛችሁ አስሉት።

ይህን ስል ጎረቤት የማይሆነው የለም ማለቴ አይደለም። በክረምት፣ ልብስ ተደራርቦ በሚለበስበትና አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ሰው በሚያድርበት ጊዜ፣ ደረሳውም የቆሎ ተማሪውም እየተንቀጠቀጠ ይመጣብን ነበር። ከጣቱ የወሰድኩትን ደም ሳይደርቅ ሳየው ቀይ የደም ሕዋሳት ማንም ሳይነካቸው ይገፈተራሉ። በመካከላቸው እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ይተራመሳል። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ነው። ቅማሏን በጥፍር ስንጨፈልቃት፣ በተቧጠጠው ቆዳ በኩል ይገባል። ስሙን ያገኘው ትኩሳቱ ለቀቀ ሲባል ተመልሶ ስለሚነሳ ነው፤ ባክቴሪያው ልብሱን ይቀይራል፣ ሰውነትም የትናንቱን ልብስ ሲፈልግ ያልፈዋል። መድኃኒቱ በቀላሉ ይገድለዋል፤ ነገር ግን በተወጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሽተኛው እንደገና በኃይል ስለሚንቀጠቀጥ ከሐኪም ዓይን መራቅ የለበትም። ከዚህ ጋር የሚደረግ ጉርብትና የለም። ልብስ ማፍላት ነው።

አሁን ወደ ልጅነት እንመለስ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ሕፃን ሲወለድ ከንጹሕ ቤት ወደ ገበያ እንደወጣ ሰው ነው። በምጥ መንገድ ሲያልፍ የእናቱ ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል፤ በቀዶ ሕክምና የተወለደውን በመጀመሪያ የሚያገኙት በአብዛኛው የቆዳ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከዚያ ጡት ይመጣል። የእናት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት በብዛት አለ። ታዲያ ለማን ተሠራ? አንጀቱ ውስጥ ላሉት ለእነ ቢፊዶባክቴሪየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ፓሪስ ውስጥ ቲሲዬ የሚባል ሐኪም ጡት ከሚጠባ ሕፃን ሰገራ ለይቶ ያገኛቸው ናቸው። ስኳሩን በልተው አንጀቱን ያኮመጥጡታል፤ በኮመጠጠ ቤት ደግሞ ብዙዎቹ ክፉ ባክቴሪያዎች መኖር አይወዱም። እርጎ ያስቀመጠች ሴት ነገሩን ሳትማር ታውቀዋለች። እናት የምታጠባው ልጇን ብቻ ሳይሆን የልጇን እንግዶችም ነው፤ እኔ ይህን ሳነብ ሁለት ልጆች አሳድጌ ጨርሼ ነበር፣ ተናደድኩ።

እነዚህ እንግዶች የሕፃኑን የመከላከያ ኃይል ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ ያስተምሩታል። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው የአንጀቱ ማኅበር የአዋቂ ሰው መልክ ይይዛል። እኛ አዋቂዎቹስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ግምት መሠረት በአንድ ሰው ላይ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ይኖራል፤ የራሳችን ሕዋሳት 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። በቁጥር እነሱ በልጠውናል፤ ሚዛን ላይ ቢወጡ ግን 200 ግራም ገደማ ቢሆኑ ነው።

በእኛ አገር የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት፣ እንገሩን፣ «ቆሻሻ ነው» ብሎ መድፋት ነበረ፤ ዛሬም አልጠፋም። የላሟን እንገር አፍልተን በደስታ እንበላለን፣ የእናትን እንደፋለን። በምትኩ ቅቤ እናስልሳለን። ያ እንገር የሕፃኑን አንጀት የሚጠብቅ ፀረ እንግዳ አካል የሞላበት ነው።

ቅቤውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኩታበር አካባቢ ባለ የገጠር ቤት ነው የተወለድኩት። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ እትብቱ በምላጭ ተቆረጠ፤ እንዲደርቅ ተብሎ ቅቤ ተቀባ። በእበት በተለቀለቀው መደብ ላይ ነበር የተኛው። ጥሩ አድርጎ ጠባ። በሰባተኛው ቀን ጡቱን አፉ ውስጥ ይዞ መሳብ አቃተው። ከንፈሩ ተጨመደደ፤ በር ሲከፈት ገላው እንደ እንጨት ይደርቅ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ስም ሳይወጣለት ተቀበረ። «ዓይን ነው» ተባለ፤ ለዚያ ዓይን የተጠረጠረች አንዲት ምስኪን ጎረቤታችን ከመንደሩ ሰው ጋር ሰላም ሳታገኝ ኖረች።

የመንጋጋ ቆልፍ ነበር። ያ ባክቴሪያ በፈረስና በከብት አንጀት ውስጥ ማንንም ሳይጎዳ ይኖራል፤ ከእበት ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ እንደ ዘር ደርቆ ለዓመታት ይቆያል። አየር አይወድም። የሞተውና አየር የማይገባው የእትብት ጫፍ ግን ተስማሚ ማሳው ነው። ከዚያች ትንሽ ቦታ አይንቀሳቀስም፤ መርዙን ብቻ ይልካል። ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን የመንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል። ክትባቱና ንጹሕ ወሊዱ ናቸው ያስወገዱት። ዘሩ ግን ዛሬም ጦሳ ተራራ ሥር ባለው አፈር ውስጥ አለ። እናንተ ሴቶች ልጆቼ፣ ክትባታችሁን አሟሉ፤ እትብት ላይ ምንም አይቀባ። አያት ብትቆጣም አይቀባ፤ «አብሽሪ እማማ» ብላችሁ ቅቤውን ለጨጨብሳ አውሉት።

ሌላው የማልረሳው የራሴ ጥፋት ነው። የእህቴ ልጅ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን አመማት። ላቦራቶሪ የምውል እኔ፣ ናሙና መውሰድ ሰነፍኩ። ከቤት የተረፈ አምፒሲሊን ነበረ፤ የሦስት ቀን ሰጠኋት፣ ተሻላት፣ ተውነው። እነዚያ እንደ መቁጠሪያ የሚሰኩት ባክቴሪያዎች ነበሩ ብዬ ዛሬ እገምታለሁ።  ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፣ ከዚያ ክርኗ። ሐኪሙ ልቧን ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ። ባክቴሪያው ልቧ ድረስ አልሄደም። እሱን ፍለጋ የወጣው የራሷ ጦር የልቧን በር ከጠላት ጋር አምታታው። ሕመሙ ከቆመ በኋላ እንኳ መድኃኒቱ እስከ አሥር ቀን መወሰድ ያለበት ለዚህ ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ በየወሩ ፔኒሲሊን ትወጋለች። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

ስለዚህ የልጅ ጉሮሮ ሲታመም እንጥል ለማስቆረጥ አትሩጡ። በቆሸሸ ስለት የተቆረጠ እንጥል ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፣ ልብን ግን አይጠብቅም።

ከመድኃኒቱ ጋር ያለንን ነገር በዓይኔ ያየሁት ሳህን ላይ ነው። ባክቴሪያውን ሳህኑ ላይ ዘርተን መድኃኒት የነካቸው ትናንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጥበታለን። ጠዋት ስንከፍተው መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ክብ ይታያል። ሥራ ስጀምር የአምፒሲሊኑ ክብ ሰፊ ነበር። እየቆየ ጠበበ። ጡረታ ልወጣ ስል ብዙ ጊዜ ኢ. ኮላይ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ለምለም ሆኖ በቅሎ አገኘው ነበር። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያነሰ መድኃኒት መውሰድ ባክቴሪያውን እንደሚያስተምረው አስጠንቅቆ ነበር። እኛ ደግሞ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትተን ቁስል ላይ ስንነሰንስ፣ ከጎረቤት ሁለት ፍሬ ስንበደር፣ ሲሻለን ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ ስናስቀምጥ ኖርን። በዚያ ላይ ያለ ምክንያት የዋጥነው ክኒን የሚያጨደው ክፉውን ብቻ አይደለም። አንጀታችን ውስጥ ለዓመታት የተሰባሰበውን ማኅበርም ያጭዳል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ክኒኑን ልጣለው?» አለኝ። ሐኪም አይደለሁምና ጣለው አላልኩትም። ወደ ሆስፒታል ሄዶ ሐኪም እንዲያየው፣ ታይፎይድ ከተጠረጠረም የደም ካልቸር፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ አብቅሎ የሚያሳየውን ምርመራ፣ እንዲጠይቅ ነገርኩት። «ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ። እስከ አምስት ቀን እንደሚወስድ ስነግረው ፌስታሉን አየት አደረገ። ክኒኑ እጁ ላይ ነው፤ አምስት ቀን ደግሞ ለፈተና ተማሪ ሩቅ ነው። ሁለተኛውን ቡና ቀዳሁለት።

በሳምንቱ ደወለ። ምንም አልበቀለም፤ ሐኪሙም እንቅልፍህን ተኛ ብሎ ሸኝቶታል፤ ምግብም ጀምሯል። ፌስታሉን ረስቶት ሄዶ እስካሁን እኔ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከጃንጥላዬ ጋር ተንጠልጥሏል።