የቻይና ቀያይ የሱረት ብልቃጦች፦ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ቅርጽ የተፈለፈለባቸውን የድሮ የቻይና የሱረት ብልቃጦች መሰብሰብ ከጀመርኩ ቆየሁ። ዛሬ ጊዜ አለኝ፤ ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ።

ጥያቄ፦ ሱረት ስትል የእኛውን ሱረት ነው?
መልስ፦ አዎ፣ በአፍንጫ የሚሳበው የትምባሆ ዱቄት። ቻይና ያስገቡት አውሮፓውያን ናቸው። በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1644–1912) መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ ወደደው፤ እንደ መድኃኒትም ይታይ ነበር። አውሮፓዊው ሱረቱን በትንሽ ሣጥን ይይዛል። ቻይናዎቹ ግን ብልቃጥ መረጡ፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ እርጥበት ቶሎ አይገባውም። ከክዳኑ ሥር ደግሞ ቀጭን ማንኪያ ተሰክታለች።

ጥያቄ፦ ቀዩ ነገር እንጨት ነው ፕላስቲክ?
መልስ፦ ሁለቱም አይደለም፣ የዛፍ ደም ነው ብል ይሻላል። ዛፉ ሲበጣ ላከር የሚባል ፈሳሽ ያወጣል። ጥሬው ቆዳ ከነካ ሽፍታ ያወጣል። ቀለሙን የሚሰጠው ሲናባር ነው፤ የሜርኩሪና የድኝ ማዕድን። ከሥር ብዙ ጊዜ ብረት ነገር አለ። እላዩ ላይ በስሱ ይቀባል፣ እስኪጠነክር ይጠበቃል፣ ይደገማል። ጥሩ ሥራ ላይ ቅቡ ብዙ አሥር ጊዜ ይደራረባል፣ አንዳንዱ ከ100 ያልፋል። የሚገርመው ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ እርጥበት ካላገኘ አይጠነክርም! ወራት ከፈጀ በኋላ ነው ቢላዋ የሚያርፍበት። እጅ ከሳተ አለቀ።

ጥያቄ፦ የኔ ከታች የንጉሥ ቺየንሎንግ ማኅተም አለው። ያኔ የተሠራ ነው ማለት ነው?
መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ ማኅተም ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ቺየንሎንግ የነገሠው ከ1736 እስከ 1795 ነው፤ ስሙ ግን ትናንት በተሠራ ዕቃም ላይ ይለጠፋል። ማኅተሙን ተይውና ማጉያ መነጽር ያዢ። የአበባውን ጠርዝ እይ። በቢላዋ የተፈለፈለ ከሆነ ጠርዙ ስል ነው፤ በተቆረጠው ግድግዳ ላይ ቅቦቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው የሚታዩበት ጊዜ አለ። ከበስተጀርባ ያሉት ጥቃቅን ጥለቶችም ትንሽ ይለያያሉ፣ የሰው እጅ ነዋ። በቅርጽ ማውጫ የተጋገረ ፕላስቲክ ከሆነ ሁሉም ነገር ድቡልቡል ይላል፣ እንደ ተላሰ ከረሜላ። ጎኑ ላይ ስስ የመጋጠሚያ መስመር ካገኘሽማ አትድከሚ። እኔም የመጀመሪያውን ስገዛ ተሸውጃለሁ፤ መስመሩን ያየሁት ቤት ገብቼ ነው።

ጥያቄ፦ በጋለ መርፌ ወጋ አድርገህ ሽታውን እወቅ ይላሉ።
መልስ፦ በፍጹም! እውነተኛ ከሆነ አበላሸኸው። ደግሞ ሲናባር ሲግል የሜርኩሪ ጭስ ያወጣል። ሳይሞቅና ሳይፋቅ በእጅ መያዙ ግን አያስፈራም።

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ይሆናል?
መልስ፦ ፎቶ አይቼ ዋጋ አልናገርም። ይቅርታ።

ጥያቄ፦ መስኮት ጋ አስቀምጬው ነበር፣ ሰነጠቀ። አጥቤ ላጣብቀው?
መልስ፦ ውኃም ሙጫም አታስነካው። ደረቅ አየርና ፀሐይ ናቸው የሰነጠቁት። ጥላ ቦታ አስቀምጠው፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፍ፣ ስንጥቁን ለባለሙያ ተወው። ውስጡ አሮጌ ሱረት ካለም አትጎርጉረው፤ የኔ አንዱ ክዳኑ ሲነሳ እስካሁን ያስነጥሳል።