«ደበረኝ» የማይል ሰው ጠፋ፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ከሽምብጥ፦ ድሮ ድብርት የሚባል በሽታ አልነበረም። አሁን ምን መጣ?

ነበር፤ ስሙ ነው ያልነበረው። ሰው «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን አመመኝ» እያለ ይኖር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. 280 ሚሊዮን ሰው ድብርት፣ 301 ሚሊዮን ሰው ደግሞ የጭንቀት ሕመም እንዳለበት ገምቷል። ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሕሙማኑ ቁጥር ያደገው ግን በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ስለበዛ ነው። ጎልቶ የታየው ጭማሪ በኮቪድ የመጀመሪያ ዓመት የመጣው 25 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በዘመኑ ማሳበብ አልወድም።

እሺ፣ እኛ ጋ ግን ለምን ይህን ያህል?

ሰው ችግርን ይለምዳል፤ ነገ መንገዱ ይዘጋ አይዘጋ አለማወቅን ግን አይለምድም። ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ይኸው ድርጅት ይገምታል። ቡና መጠራራትም ቀንሷል። ጎረቤት ዝም ማለቱን ማን ያስተውል? እድሩ እንደሆነ የሚደርሰው ለቅሶ ሲኖር ነው።

ከግሽ ዓባይ፣ ተማሪ፦ ጫት ስቅም ጭንቀቴ ይለቀኛል፤ ማታ ግን ይብስብኛል።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፤ አእምሮ ያለውን ዶፓሚን፣ ማለትም የመነቃቃት ስሜት የሚሰጠውን ኬሚካል፣ ባንዴ ያስለቅቀዋል። ምርቃናው ሲያልቅ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። እሱን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል። መጠጡ ቶሎ ያስተኛል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያባንናል። ጠዋት ደብቶህ ትነሳለህ፤ ያንን ለማባረር ደግሞ ጫት። ብዙ ተማሪ ድብርት ያዘኝ ሲል መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ዙር ነው።

ከጨብሲው ጀምር። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ ከሆነ ግን ባንዴ አታቁም፤ መንቀጥቀጥና ራስን ስቶ መውደቅ ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ይሁን። ጫቱን ከ10 ሰዓት በፊት ጨርስ፣ መጠኑንም በየሳምንቱ ቀንስ። ስትተው ድካም፣ ቅዠትና ሃራራ ይመጣሉ፤ ይህ ያልፋል እንጂ በሽታው አገረሸ ማለት አይደለም። ቡናም እንዲሁ ነው፦ 10 ሰዓት ላይ ከጠጣኸው ካፌይን ግማሹ ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ደምህ ውስጥ አለ።

ከፋሲሎ፦ ጥፋቱ የስልክ አይደለም?

በዋናነት የሚሰርቀው እንቅልፍ ነው። አልጋ ላይ አይውጣ፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ቻርጅ ይደረግ።

ከዘጌ፦ እናቴ ለድብርት ፍሉኦክሰቲን ጀምራ ነበር። «ከጸበል ጋር አይሄድም» ስላሏት ተወችው።

እህቴ፣ ጸበሉን አትከልክያት። ፍሉኦክሰቲን በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ጾሙ ከተፈታ በኋላ መዋጥ ይቻላል። ስንት ቀን እንዳቋረጠች ለሐኪሟ ንገሪው፤ እንዴት እንደምትቀጥል እሱ ይወስን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያው ላይ ነው፦ ማቅለሽለሹና መረበሹ በቀናት ውስጥ ይመጣሉ፣ መሻሉ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም 6 ይፈልጋል። በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተው ጉዳቱን ብቻ ቀምሶ ነው የሚወጣው። ከተሻላት በኋላም ቢያንስ 6 ወር ትቀጥል።

ከጣና ክፍለ ከተማ፦ ሐዘንንና በሽታን በምን ልለይ?

ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ አንዳንዴ ይሳቃል። ድብርት የሚወዱትን ነገር ሁሉ ያደበዝዛል፤ ከ2 ሳምንት በላይም አብዛኛውን ቀን ይቆያል። ጤና ተቋም ውስጥ 9 ጥያቄዎች ይቀርቡልሃል፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ነጥብ አላቸው። ድምሩ 10 ከደረሰ ባለሙያው በደንብ ሊመረምርህ ይገባል። አንገት ላይ እንቅርት ካለ ወይም ድካሙ ከበዛ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ጠይቅ፤ ሁለቱም ድብርት መስለው ይመጣሉ። መሞትን የሚያስብ ሰው ካለ ግን ነጥብ አትቁጠሩ፤ ብቻውን ሳትተዉት፣ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከቤት አርቃችሁ፣ በዚያው ቀን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ውሰዱት።